ቁስል ሲቆጣ ማን ያበርደዋል? ስለ ቫይታሚን ዲና ስለ ነጭ የደም ሴሎች

ከአንድ የተፈጥሮ ሳይንስ ሰልጣኝ

በዛሬው ትምህርታዊ ጽሑፍ የማነሣው ጉዳይ ከቆዳችን ተነሥቶ እስከ ደማችን ውስጥ የሚዘልቅ ነው፤ ይኸውም ቫይታሚን ዲ ነው። «እሱንማ ድሮ ተምረነዋል፣ ለአጥንት ነው» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፤ ነገሩ ግን በዚያ አያበቃም። ቫይታሚን ዲ በሽታን ከሚከላከሉት ሴሎች ጋር መነጋገሩ፣ ሲያስፈልግ «ተዋጉ»፣ ሲበቃ ደግሞ «ተዉ በቃ» በሚለው ትእዛዝ ውስጥ እጁ ያለበት መሆኑ የታወቀው ከአጥንቱ ነገር በጣም ዘግይቶ ነው። በትምህርት ቤት መጻሕፍት ውስጥ ይህ ክፍል ብዙም አይገኝም።

እኛ ደግሞ ነገ ከነገ ወዲያ በየወረዳው ተመድበን መሄዳችን ነው። እናቶች «ልጄን ፀሐይ ላሙቀው ወይስ ምች ይመታብኛል?» ብለው የሚጠይቁት ጤና ጣቢያን ብቻ አይደለም፤ አስተማሪንም ነው። ጎረምሳው ደግሞ «ቫይታሚን ዲ ብውጥ ከሳንባ በሽታ እድናለሁ ወይ?» ይላል። ለሁለቱም «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ምክንያቱን ሳያውቁ መመለስ ግን ለአስተማሪ አይሆንም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጣ ማለት ምን ማለት ነው?

ሐኪሞች ብግነት የሚሉትን ነገር ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ በራሱ ቃል ያውቀዋል። «ቁስሉ ተቆጣ»፣ «ቁስሉን አታስቆጣው» ይባላል። እኔ ከዚህ የተሻለ አገላለጽ ያለ አይመስለኝም። እሾህ የወጋው ጣት ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ቀላ ይላል፣ ሌሊቱን ሲጠዘጥዝ ያድራል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው እሾሁ ሳይሆን የገዛ ሰውነታችን ነው። በቦታው ያሉት ነጭ የደም ሴሎች ባዕድ ነገር መግባቱን ሲያውቁ ሳይቶካይን የሚባሉ ኬሚካላዊ መልእክቶች ይለቃሉ። መልእክቱን የሰሙ ሌሎች ሴሎች ከደም ሥር እየወጡ ወደ ቦታው ይጎርፋሉ።

በገጠር ጅብ ከበረት ሲገባ ምን ይደረጋል? አንዱ «ኡኡ!» ይላል፣ ሰፈሩ ዱላ ይዞ ይወጣል። ሳይቶካይን ያ ኡኡታ ነው። ኡኡታው ባይኖር ጅቡ ከብቱን ይጨርሳል፤ ስለዚህ ቁጣ ያስፈልጋል። ጣጣው ጅቡ ከሄደ በኋላ ጩኸቱ ሳያቆም ሲቀር፣ ዱላው ወደ ጎረቤት ሲዞር ነው። በሳንባ ነቀርሳ የታመመ ሰው ሳንባው የሚቦረቦረው በባክቴሪያው ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያውን ሊገድል የወጣው ሠራዊት የራሱን ቤት ስለሚያፈርስም ጭምር ነው። የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ዓይነት በሽታዎች ውስጥ ደግሞ ጅቡ ጭራሽ ሳይኖር ሰፈሩ ተሰልፎ ይደባደባል።

እንግዲህ የሰውነት መከላከያ ሁለት ነገር ይፈልጋል ማለት ነው፤ ሹል መሣሪያና «ይብቃ» የሚል ሽማግሌ። ቫይታሚን ዲ በሁለቱም በኩል ይገኛል። እንዴት?

ጤፍ፣ ዱቄት፣ እንጀራ

ከመጀመሪያው እንነሣ። ከፀሐይ ጨረሮች መካከል ለዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለው፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር ገደማ የሆነው፣ ቆዳ ውስጥ ያለውን የኮሌስትሮል ዘመድ ሲመታው ይለውጠዋል። የተለወጠው ነገር በገላ ሙቀት ቀስ እያለ ቫይታሚን ዲ 3 ይሆናል። ይህ ገና ጥሬ ዕቃ ነው። ደም ይዞት ወደ ጉበት ይሄዳል፤ ጉበት በ25ኛው ካርቦን ላይ አንድ የኦክሲጅንና የሃይድሮጅን ጥምር ይለጥፍበታል። በላቦራቶሪ የሰው ቫይታሚን ዲ ተለካ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ይህ ከጉበት የወጣው ነው። ከዚያ ኩላሊት በ1ኛው ካርቦን ላይ ሌላ ጥምር ይጨምርና ካልሲትሪዮል የሚባለውን ያወጣል። ሥራ የሚሠራው ይህ የመጨረሻው ነው፤ አንጀት ከምግብ ውስጥ ካልሲየምን እንዲስብ ያደርጋል።

ለክፍል ማስተማሪያ የሚመቸኝ ምሳሌ ከጓዳ የተወሰደ ነው። ቆዳ ጤፍ ያመርታል። ጉበት ፈጭቶ ዱቄት አድርጎ ያስቀምጣል። ኩላሊት ደግሞ ምጣድ ጥዶ ይጋግራል። ዱቄት ተቀምጦ ይቆያል፤ በደም ውስጥ ሳምንታት ይዘልቃል። እንጀራው ግን በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ይህን ምሳሌ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

ታሪኩን ባጭሩ ለማውሳት ያህል፣ ፋብሪካ የበዛባቸውና ጢስ ፀሐይን የጋረደባቸው የአውሮፓ ከተሞች በሪኬትስ የተጠቁ ልጆች ሞልተውባቸው ነበር። በ1919 በርሊን ውስጥ ሁልድሺንስኪ የተባለ ሐኪም እንደነዚህ ያሉ ልጆችን በአልትራቫዮሌት መብራት ብቻ አዳነ። በ1922 ደግሞ አሜሪካዊው ማኮለም የዓሣ ጉበት ዘይትን አሙቆና አየር ነፍቶበት ቫይታሚን ኤው እንዲጠፋ ካደረገ በኋላ ዘይቱ አሁንም ሪኬትስን እንደሚያድን አሳየ። ስለዚህ ሌላ ነገር አለበት ማለት ነው። ኤ፣ ቢና ሲ ስለተያዙ አዲሱ ዲ ተባለ።

በነገራችን ላይ ብዙ ጽሑፎች የዴንማርኩን ሐኪም ፊንሰንን ከዚህ ታሪክ ጋር ያያይዙታል። ፊንሰን የቆዳ ነቀርሳን በጠንካራ መብራት በማከሙ በ1903 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። «መብራቱ ቫይታሚን ዲ እያስገኘ ነው ያዳናቸው» ሲባል ደስ ይላል። ነገር ግን የመብራቱ ሌንሶች በ2005 እንደገና ሲፈተሹ ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር የማያሳልፉ ሆነው ተገኙ። ምናልባት ብርሃኑ ባክቴሪያው ውስጥ ባሉ ቀለም ነክ ነገሮች አማካይነት ገድሎት ይሆናል እንጂ በቫይታሚን ዲ አይደለም። ደስ የሚል ታሪክ ሁሉ እውነት አይደለምና ለተማሪ ስንነግር እንጠንቀቅ።

ኩላሊት የሌለው በሽተኛ

ለረጅም ጊዜ ምጣዱ ያለው ኩላሊት ዘንድ ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ይህን እምነት ያናጋው ሳርኮይዶሲስ የሚባል በሽታ ነው። በዚህ በሽታ ነጭ የደም ሴሎች በሳንባና በሌላም አካል እየተከማቹ ትናንሽ እባጮች ይሠራሉ። ሐኪሞችን ግራ ያጋባቸው የአንዳንዶቹ በሽተኞች ደም ውስጥ ካልሲየም ከመጠን በላይ መብዛቱ፣ ፀሐይ ሲያገኙ ደግሞ መባሱ ነው።

በ1981 አሜሪካ ውስጥ አንድ የሳርኮይዶሲስ በሽተኛ በሐኪሞች ጽሑፍ ተዘገበ። ይህ ሰው ኩላሊት የለውም። ሆኖም ደሙ ውስጥ ካልሲትሪዮል በብዛት ተገኘ። እንዴ! ምጣዱ የለ፣ እንጀራውን ማን ጋገረው? መልሱ በ1983 መጣ። እንዲህ ካሉ በሽተኞች ሳንባ ማክሮፋጅ የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ተወስደው ከጉበት የሚወጣው ዓይነት ቫይታሚን ሲሰጣቸው ራሳቸው ወደ ካልሲትሪዮል ለወጡት። ለካስ ምጣድ ያለው ኩላሊት ብቻ አይደለም! በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ለሥራ ሲቀሰቀሱ የካልሲትሪዮል መቀበያ እንደሚያወጡ፣ ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ ግን መቀበያው እንደማይገኝባቸው ገለጹ።

እኔ እንደማየው ከኬሚካል ስሞቹ ሁሉ በፊት ለተማሪ መነገር ያለበት ይህ የበሽተኛ ታሪክ ነው። አንድ የማይገጥም ነገር ነው የመጽሐፉን ዐረፍተ ነገር ያስለወጠው። ስሙን ተማሪው ይረሳዋል፤ «ማን ጋገረው?» የሚለውን ግን አይረሳም።

በማክሮፋጁ ቤት ውስጥ

ማክሮፋጅ ማለት ትልቅ በላተኛ ማለት ነው። ባክቴሪያ እየዋጠ መፍጨት ሥራው ነው። የነቀርሳ ባክቴሪያ ግን ተንኰለኛ ነው፤ ተውጦ እዚያው ውስጥ ይኖራል። አሁን በምጣዱ ምን እንደሚሠራ እንይ። ይህን በ2006 በሎስ አንጀለስ ከተማ የሚገኙ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው አሳይተዋል።

ማክሮፋጁ በገላው ላይ ቶል መሰል ተቀባዮች የሚባሉ ዳሳሾች አሉት። እነዚህ የነቀርሳ ባክቴሪያን ሽፋን ሲነኩ ወደ ውስጥ ምልክት ይሄዳል። ምልክቱ ሁለት ነገር ያሠራል፤ አንደኛ ምጣዱን፣ ማለት ካልሲትሪዮል የሚሠራውን ኤንዛይም፣ ሁለተኛ የካልሲትሪዮሉን መቀበያ። ቀጥሎ ከጉበት የወጣው «ዱቄት» ከደም ወደ ሴሉ ይገባና እዚያው ይጋገራል። ካልሲትሪዮሉ ከመቀበያው ጋር ይገጥማል፤ መቀበያው ሬቲኖይድ ኤክስ ከሚባል ጓደኛው ጋር ይጣመርና ዲኤንኤ ላይ በተወሰነ ቦታ ይቀመጣል። እዚያ ያለው ጂን ይከፈታል። የሚወጣው ካቴሊሲዲን የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ የባክቴሪያን ሽፋን ይበሳል። መሣሪያው ይህ ነው።

እንግዲህ ሰንሰለቱን ተመልከቱ። ዳሳሹ ደህና፣ ምጣዱም የጋለ ሊሆን ይችላል፤ ዱቄት ከሌለ ግን ምን ይጋገራል? ተመራማሪዎቹ ይህንኑ ፈተኑት። ቫይታሚን ዲ አነስተኛ ከሆነባቸው ጥቁር አሜሪካውያን የተወሰደ የደም ውሃ ውስጥ ሴሎቹን ሲያስቀምጧቸው ካቴሊሲዲን የማውጣት አቅማቸው ደካማ ሆነ። በዚያው የደም ውሃ ላይ የጎደለው ቫይታሚን ሲጨመር አቅሙ ተመለሰ። ልብ በሉ፣ የሴሎቹ ችግር አልነበረም፤ የዱቄቱ እጥረት ነው። ጥቁር ቆዳ ጨረሩን በሜላኒን ስለሚያጣራ ያንኑ ያህል ቫይታሚን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ፀሐይ ይፈልጋል። በእኛ አገር ፀሐይ ይህ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ይጠብቀናል። በስቶክሆልም ክረምት ለሚኖር ወገናችን ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ በክረምት ወራት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምታልፍ ቫይታሚኑን የሚሠራው ጨረር ከሞላ ጎደል ምድር አይደርስም።

በ2011 ደግሞ የዚሁ ጥናት ተከታይ ሥራ ከቲ ሴሎች የሚመጣው ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል መልእክትም ማክሮፋጁን የሚያበረታው በዚሁ የቫይታሚን ዲ መንገድ አልፎ እንደሆነ አመለከተ። አንድ ነገር ልጨምር፤ የአይጥ ካቴሊሲዲን ጂን ለቫይታሚን ዲ አይታዘዝም። ይህ የትእዛዝ ቦታ የሚገኘው በሰውና ሰው መሰል በሆኑት እንደ ዝንጀሮ ባሉ እንስሳት ነው። ስለዚህ «በአይጥ ተሞክሮ አልሠራም» ወይም «ሠራ» ሲባል ይህን ማሰብ ነው።

«ተዉ» የሚለው ትእዛዝ

አሁን ወደ ሽማግሌው። በሴሉ ውስጥ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባል አለ፤ የኡኡታው አለቃ ነው። በሰላም ጊዜ አንድ ዘበኛ ፕሮቲን ይዞት ከኒውክሊየሱ ውጭ ይቀመጣል። አደጋ ሲመጣ ዘበኛው ይወገዳል፤ አለቃው ወደ ኒውክሊየስ ገብቶ ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን 6 የሚባሉትን ሳይቶካይኖች የሚያወጡ ጂኖችን ይከፍታል። ቁጣው ተነሣ ማለት ነው። ካልሲትሪዮል የዘበኛውን ብዛት ይጨምራል፤ አለቃው እንደልቡ እንዳይገባ ያደርጋል።

ሌላም መንገድ አለ። በ2012 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ሞኖሳይት የሚባሉ ሴሎችን አስቀድመው ቫይታሚን ዲ ሰጥተው ቀጥሎ የባክቴሪያ ሽፋን መርዝ አቀመሷቸው። ሴሎቹ የለቀቁት ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን 6 ቀነሰ። ምክንያቱ ሲፈለግ ቫይታሚኑ አንድ ማጥፊያ ኤንዛይም እንዲበዛ አድርጎ ተገኘ፤ ይህ ኤንዛይም ፒ 38 የሚባለውን የቁጣ ምልክት አስተላላፊ ላይ የተለጠፈውን ፎስፌት እየነቀለ ያጠፋዋል። መብራት ማጥፊያ እንደ መጫን ያህል ነው።

ቲ ሴሎችም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር ይታያል። በላቦራቶሪ ካልሲትሪዮል ሲሰጣቸው ኢንተርሉኪን 17 የሚባለውን ቁጡ መልእክት ማውጣት ይቀንሳሉ፤ ኢንተርሉኪን 10 የሚባለውን አብራጅ ይጨምራሉ፤ አረጋጊ የሚባሉት ቲ ሴሎችም ይበረክታሉ። ጠላትን ለቲ ሴሎች የሚያሳዩት ዴንድራይቲክ ሴሎች ደግሞ ረጋ ያሉ ይሆናሉ።

ታዲያ አንድ ነገር እንዴት ያስታጥቃል፣ እንዴትስ ያበርዳል? ይህ ብዙዎቻችንን ያደናግራል። ለእኔ የገባኝ እንዲህ ነው። የሚያስታጥቀው በጠባቡ ነው፤ ባክቴሪያን የሚበሳ ፕሮቲን ለማክሮፋጁ ይሰጣል። የሚያበርደው ደግሞ አጠቃላዩን ኡኡታ ነው። ጅቡን የሚወጋ አንድ ጥሩ ጦር ያለው ሰፈር መቶ ዱላ አያስፈልገውም። ጊዜም አለበት፤ መቀበያው የሚወጣው ሴሉ ከተቀሰቀሰ በኋላ በመሆኑ ፍሬኑ ከጉዞው ጋር አብሮ ይመጣል እንጂ ቀድሞ መኪናውን አያቆመውም። የሳርኮይዶሲሱም ምስጢር እዚህ ላይ ይፈታል። የኩላሊትን ምጣድ የካልሲየም መጠንና ሆርሞኖች ይቆጣጠሩታል። የማክሮፋጁ ምጣድ ግን ለነሱ ብዙም አይታዘዝም፤ ስለዚህ ሲበዛ እንጀራው ከቤት አልፎ ደም ውስጥ ይፈሳል፣ ካልሲየምም ይንራል።

ከአዲስ አበባ የወጣ ቁጥር

እስካሁን ያልኩት በአብዛኛው የሴል ነገር ነው። በሰው ላይስ? የሚያኰራው ነገር አንዱ ትልቅ ማስረጃ ከራሳችን አገር መውጣቱ ነው። በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተደረገ ጥናት በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ የሳምባ ምች የያዛቸው 500 ሕፃናትና የሳምባ ምች የሌለባቸው 500 ሕፃናት ተነጻጸሩ። ሪኬትስ የተገኘባቸው ከታመሙት ውስጥ 210፣ ካልታመሙት ውስጥ 20 ነበሩ። በመቶኛ ስናሰላው 42 እና 4 ነው። ሌሎች ምክንያቶች ከተቀነሱ በኋላም ልዩነቱ 13 እጥፍ ገደማ ሆኖ ቀረ። የሒሳብ ሰልጣኞች ይህን ለክፍላችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ ግን ቸኩለን «ይኸው፣ ቫይታሚን ዲ የሳምባ ምችን ይከላከላል» እንዳንል። ሁለት መንገድ ሊኖር ይችላል። አንዱ ከላይ ያየነው ነው፤ የነጭ የደም ሴሎቹ ዱቄት ማጣት። ሌላው ተራ መካኒክ ነው፤ የጎድን አጥንቱ የለሰለሰ ሕፃን ደረቱን አስፍቶ አይተነፍስም፣ አክታውንም በኃይል ሊያስል አይችልም። ጥናቱ የትኛው እንደሆነ አይለይም።

ለመለየት ሙከራ ያስፈልጋል። በአፍጋኒስታን ካቡል ከ3000 በላይ ሕፃናት በየ3 ወሩ 100,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ወይም ባዶ መድኃኒት ለ18 ወር ያህል ተሰጣቸው። ውጤቱ በ2012 ሲወጣ በሳምባ ምች አያያዝ ልዩነት አልታየም። በሞንጎልያ ኡላንባታር ደግሞ ከ8800 በላይ የትምህርት ቤት ልጆች ለ3 ዓመት በየሳምንቱ ቫይታሚኑን ወስደው የነቀርሳ ባክቴሪያ ያልወሰዱትን ከያዘው ባልተናነሰ ያዛቸው፤ ይህ በ2020 ታተመ። ጉንፋንን ጨምሮ የመተንፈሻ አካል ሕመሞችን በተመለከተ በ2017 25 ሙከራዎች ተደምረው ሲታዩ ትንሽ ጥቅም ታየ፤ ይበልጥ የተጠቀሙትም ቀድሞ በጣም የጎደላቸው ነበሩ። በ2025 ብዙ ሙከራዎች ተጨምረው ሲሰላ ግን ጥቅሙ ከአጋጣሚ የማይለይ ያህል ቀጠነ።

በቁጣው በኩል የተሻለ ዜና አለ። አሜሪካ ውስጥ 25,871 ሰዎች፣ ወንዶቹ ከ50፣ ሴቶቹ ከ55 ዓመት ጀምሮ ያሉ፣ በተሳተፉበት ሙከራ በየቀኑ 2000 ዩኒት ለ5 ዓመት ያህል የወሰዱት ሰውነት በራሱ ላይ በሚነሣባቸው በሽታዎች መያዛቸው በ22 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ይህ በ2022 ወጣ። «ይብቃ» የሚለው ሽማግሌ በሕያው ሰው ላይም ድምፁ ይሰማል ማለት ይቻል ይሆናል፤ ቢሆንም አንድ ሙከራ ነው።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምወስደው እንዲህ ነው። በሴሉ ውስጥ ያለው ሰንሰለት እውነት ነው፤ ዱቄት ሲጠፋ ይበጠሳል። ዱቄት በሞላበት ቤት ላይ ሌላ ኩንታል መጨመር ግን እንጀራውን አያበዛውም። ጎረምሳው ለጠየቀው መልሱ ይህ ነው። የነቀርሳ መድኃኒት በጤና ባለሙያ ትእዛዝ እስከ መጨረሻው የሚወሰድ ነው፤ ቫይታሚን ዲ ምትኩ አይደለም። ሕፃናትንም ከሳምባ ምች ለመጠበቅ ከ2011 ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠው የኒሞኮከስ ክትባት አለ። «ቫይታሚን ነው ምን ያደርገኛል» ብሎ እንክብሉን መቃምም አደገኛ ነው፤ ካልሲየም ደም ውስጥ በዝቶ ኩላሊትን ይጎዳል። ፀሐይ ግን በዚህ በኩል አትመርዝም፤ ቆዳ ትርፉን ራሱ ወደማይሠራ ነገር እየለወጠ ያስቀረዋል።

የ13 ወር ፀሐይ አገርና ሪኬትስ

የሚገርመው ታዲያ የ13 ወር ፀሐይ እያለን ሪኬትስ መገኘቱ ነው። ፀሐይዋ አለች፤ ሕፃኑ ነው የሌለው። አራስ ቤት ተዘግቶ፣ ሕፃኑ በጋቢና በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ዓይን እንዳይበላው፣ ንፋስ እንዳይመታው ተሸሽጎ ይቆያል። የእናት ጡት ወተት በብዙ ነገር ተወዳዳሪ የለውም፤ ቫይታሚን ዲ ግን ጥቂት ነው ያለው። በመስኮት መስተዋት የሚገባ ፀሐይም አይጠቅምም፤ መስተዋት አልትራቫዮሌት ቢን ያስቀራል። እርግብግቢቱ ሳይገጥም የቆየ፣ የእጁ አንጓ የሰፋ፣ ቆሞ መሄድ የዘገየ፣ እግሩ የተንጋደደ ልጅ ካያችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት።

ስለ ምች የሚነሣውን ስጋት ደግሞ «ኋላ ቀር» ብለን አንሳቅበት። ከንፈር ላይ የሚወጣው ምች የሚመጣው በሄርፒስ ቫይረስ ነው፤ ይህ ቫይረስ ተኝቶ ቆይቶ ጠንካራ የፀሐይ ጨረር ሲያገኝ እንደሚቀሰቀስ በምርምር ተረጋግጧል። አልትራቫዮሌት በመታው ቆዳ ላይ መከላከያው ለጊዜው ይዳከማል። ስለዚህ እናቶቻችን ያዩት ነገር አለ። «እማማ፣ እውነትዎን ነው፣ የቀትር ፀሐይ አይደለም የምልዎት፤ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ እጅና እግሩን ገልጠው፣ ፊቱን ጥላ አድርገው ነው» ብንላቸው ይሰሙናል። ደቂቃውን የሚወስኑት የጤና ባለሙያዎች ናቸው።

ሰዓቱን በተመለከተ ለሳይንስ ክፍል የሚሆን ቀላል ሙከራ አለ። በ1 ሰዓት የምትወጣዋ ለስላሳ ፀሐይ ሙቀት እንጂ ቫይታሚን እምብዛም አትሰጥም፤ ጨረሩ ወፍራም አየር ሰንጥቆ ስለሚመጣ አልትራቫዮሌት ቢው በመንገድ ይቀራል። ጥላችን ከቁመታችን ሲያጥር ግን ጨረሩ በብዛት እየደረሰ ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዱላ ሜዳ ላይ ይተከልና ተማሪዎች ከ2 ሰዓት ጀምረው በየሩብ ሰዓቱ ጥላውን ይለኩ፣ በሠንጠረዥ ይመዝግቡ። ጥላው ልክ አንድ ሜትር ሲሆን ፀሐይዋ 45 ዲግሪ ላይ ናት። በአዲስ አበባ አካባቢ ይህ የሚሆነው እንደ ወሩ ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ታኅሣሥ ላይ አንድ ጊዜ፣ መጋቢት ላይ አንድ ጊዜ ቢለካ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ሐምሌና ነሐሴ በደመና ምክንያት አይመችም። ዱላው ዘንበል ካለ ልኩ ሁሉ ይበላሻልና ከመጀመራችሁ በፊት በቱንቢ ቀጥ አድርጉት፤ ቱንቢ ከሌለ ድንጋይ የታሰረበት ክር ይበቃል።